ከልጅ እኩል የሚያድግ ዛፍ

ከአንካራ ወደ አክሳራይ የሚወስደው መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአውቶቡስ ከሦስት ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው። እኩሌታው ላይ ሲደረስ በስተቀኝ ቱዝ ጎል የሚሉት የጨው ሐይቅ ይመጣል። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት ውሃው ይተንና ነጭ ጨው ብቻ ይቀራል። አሳሌን ወይም አፍዴራን ያየ ሰው ብዙም አይደነቅበትም። በስተግራ የታጨደ የስንዴ ማሳ ነው፤ ከማሳው ቀጥሎ ቡናማ ኮረብታ፣ ከኮረብታው ቀጥሎ ሌላ የስንዴ ማሳ። በመስኮት አሻግራችሁ ስታዩ ቆይታችሁ አንድም ዛፍ ላያጋጥማችሁ ይችላል። የማዕከላዊ ቱርክ አምባ እንዲህ ነው፤ ዝናቡ ትንሽ፣ የብርዱ ወራት በረዶ፣ ነፋሱ የማያቋርጥ።

ዛፍ ሲመጣ ግን ተሰልፎ ነው የሚመጣው። ሜዳው መሐል፣ ከሩቅ፣ ቀጥ ብለው የቆሙ ቀጫጭን ዓምዶች ይታያሉ። ቅርንጫፎቻቸው እንደ ዋርካ ወይም እንደ ግራር ወደ ጎን አይዘረጉም፤ ግንዱን ተጠግተው ሽቅብ ይወጣሉ። ዛፉ በጠቅላላው የታጠፈ ጃንጥላ ይመስላል። አውቶቡሱ እየቀረበ ሲሄድ ከዓምዶቹ አንዱ ዛፍ ሳይሆን የመስጊድ ሚናሬት መሆኑ ይለያል። ከሥራቸው ጅረት ወይም የመስኖ ቦይ አለ። ከጅረቱ ዳር ጣሪያቸው ዝቅ ያለ ቤቶች አሉ። ሌላው ሜዳ እንደገና ባዶ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ይህን ካያችሁ በኋላ ማንም ሳይነግራችሁ ይገባችኋል። ረጅሙ ዛፍ ያለበት ውሃ አለ፣ ውሃው ያለበት ሰው አለ።

ቱርኮች ይህን ዛፍ ካቫክ ይሉታል። በሌላው ዓለም ፖፕላር በሚለው ስሙ ይታወቃል። በአማርኛ የተለመደ ስም የለውም፤ ስለዚህ የአገሬውን ስም ይዤ እቀጥላለሁ። ዘመዶቹ በብዛት የሰሜኑ ዓለም ዛፎች ናቸው። ወደ እኛ የሚቀርበው ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ በጣና ወንዝ ዳር የሚበቅለው ነው። ይህ ጣና የባሕር ዳሩ ሐይቅ ሳይሆን፣ ኬንያን አቋርጦ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ የሚገባው ወንዝ ነው። እሱ ግን እንደ ዓምድ የቀጠነ አይደለም። እንደ ዓምድ የሚቆመው የጥቁር ፖፕላር አንድ ዓይነት ነው። አውሮፓውያን ይህን ቅርጽ በደንብ ያወቁት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከሰሜን ኢጣሊያ፣ ከሎምባርዲ ሜዳ ነው። እስከዛሬም በብዙ ቋንቋ የሎምባርዲ ፖፕላር ይባላል። ከዚያ እስከ እንግሊዝና አሜሪካ የደረሰው በዘር ሳይሆን በቁራጭ ነው። ከአንድ ዛፍ ቅርንጫፍ ይቆረጣል፣ መሬት ይሰካል፣ ሥር ያወጣል። ይህ የሎምባርዲው ዓይነት ወንዴ ብቻ ስለሆነ ዘር አይሰጥም። ስለዚህ ፈረንሳይ መንገድ ዳር የቆመውና አሜሪካ እርሻ ዳር የቆመው በትክክል ከታየ አንድ ዛፍ ናቸው ማለት ይቻላል። የአናቶሊያው ካቫክ ግንዱ ነጣ ይላል፣ የቅርብ ዘመዱ ነው፤ የሚባዛውም በዚሁ መንገድ ነው።

ወደዚያ አገር የወሰደችኝ ልጄ ናት። ካይሴሪ ከተማ ትማራለች። (ካይሴሪ ማለት ጥንት ቂሳርያ ትባል የነበረችው፣ የቅዱስ ባስልዮስ ሀገረ ስብከት ናት። ቅዳሴ ባስልዮስን የሚያስቀድስ ሰው የከተማዋን ስም ሲሰማ ልቡ መነካቱ አይቀርም።) የዶርም ጓደኛዋ አያቶች በኢህላራ ሸለቆ አጠገብ ባለ መንደር ይኖራሉ። «አባትሽ ከመጣ እኛ ዘንድ ሳያድር አይሄድም» ብለው ስለላኩ፣ በጥቅምት መጨረሻ ሦስታችን ተያይዘን ሄድን።

ኢህላራን ለማየት ብቻ እንኳ መሄድ ያዋጣል። ከሜዳው ላይ ምንም አይታይም፤ መሬቱ በድንገት ተሰንጥቆ ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል። መለንዲዝ የሚባለው ትንሽ ወንዝ ከሐሰን ተራራ የፈሰሰውን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሲቆርጥ ኖሮ ነው 14 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ሸለቆ የሠራው። ደረጃው ወደ 400 ይጠጋል፤ ለጉልበት የሚከብድ ነው። ዕድሜያችሁ የገፋ ከሆነ በሊሲርማ መንደር በኩል በመኪና ወርዳችሁ መሐል መግባት ትችላላችሁ። በሁለቱም ግድግዳ ላይ የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ ላሊበላን ያየ ሰው በትልቅነታቸው አይገረምም፣ በሥዕሎቻቸው ግን ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1923 ቱርክና ግሪክ በተፈራረሙት የሕዝብ ልውውጥ መሠረት የአካባቢው ክርስቲያኖች ወደ ግሪክ ሄደዋል፤ አሁን የሚቀደስባቸው የሉም። ከአብያተ ክርስቲያናቱ አንዱ አአቻልቲ ይባላል፤ «ዛፍ ሥር ያለው» ማለት ነው።

በጥቅምት መጨረሻ ካቫኩ ቢጫ ይሆናል። ከሸለቆው አፋፍ ቁልቁል ሲታይ ወንዙ አይታይም፤ ወንዙን ተከትሎ የሚሄድ ቢጫ መስመር ነው የሚታየው። ወርዳችሁ ከሥሩ ስትቆሙ ደግሞ ነፋስ ሳይኖር ቅጠሉ ይንቀሳቀሳል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የቅጠሉ ዘንግ ክብ ሳይሆን በጎን የተጨፈለቀ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ አየር ሲነካው ይወላወላል። ሺሕ ቅጠል አንድ ላይ ሲወላወል ዝናብ የመጣ ይመስላል። ልጄ ሁለት ጊዜ ሰማይ ስታይ ጓደኛዋ ሳቀች።

ቱርኮች ከዚህ ድምፅ አንድ አነጋገር አውጥተዋል። ልቡ የተነሣ ጎረምሳ ወይም ኮረዳ፣ ትምህርቱንም ሥራውንም ትቶ በሐሳብ የሚንሳፈፍ ልጅ ሲያዩ «ራሱ ላይ የካቫክ ነፋስ እየነፈሰ ነው» ይላሉ። ሌላም አላቸው። ፈጽሞ ለማይሆን ነገር «ዓሣ ካቫክ ላይ ሲወጣ» ይላሉ። ያገሬው ሰው ከአንድ ዛፍ ጋር ምን ያህል እንደኖረ ከአነጋገሩ ይታወቃል። የአንካራ ኤምባሲዎችና ውድ ሱቆች ያሉበት ሰፈር እንኳ ስሙ ካቫክሊደሬ ነው፤ የካቫክ ጅረት።

ማታ ወደ መንደር ገባን። የቤቱ አባት ከ70 ዓመት ያለፉ፣ ባርኔጣቸውን ቤት ውስጥም የማያወልቁ ሰው ናቸው። ልጄ «አምጃ» ትላቸዋለች፤ አጎቴ ማለት ነው። ሚስታቸውን ደግሞ «ቴይዜ»፣ አክስቴ። በዚያ አገር ትልቅ ሰው በባዶ ስሙ አይጠራም፤ በዚህ ነገር አንለያይም። በወገባማ ትንሽ ብርጭቆ ሻይ ሲቀርብ ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ። እንደ እጅ ክንድ የወፈሩ፣ ቀጥ ያሉ፣ ጭስ ያጠቆራቸው ግንዶች ከግድግዳ ግድግዳ ተደርድረዋል። በላያቸው ርብራብ እንጨት፣ ከዚያ ሸምበቆ፣ ከዚያ የተደለደለ አፈር። በትግራይ የህድሞ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው አሠራሩን ወዲያው ያውቀዋል፤ ልዩነቱ እንጨቱ ነው። ከበረዶና ከዝናብ በኋላ ጣሪያው ላይ ወጥተው አፈሩን በድንጋይ መዳመጫ ያንከባልሉበት ነበር። አሁን አዲሱ ክፍል በብሎኬትና በቆርቆሮ ተሠርቷል። አሮጌውን ክፍል ግን አላፈረሱትም። «ይህን ጣሪያ የተሸከሙት አባቴ እኔ ስወለድ የተከሏቸው ናቸው» አሉኝ ሰውየው።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። በአናቶሊያ ገጠር ልጅ ሲወለድ አባት ውሃ ወዳለበት መሬቱ ይወርድና ካቫክ ይተክላል። ልጁ እያደገ ዛፉም ያድጋል። ካቫክ ውሃ ካገኘ በዓመት እስከ 2 ሜትር ይመዘዛል፤ ከ15 እስከ 25 ዓመት ባለው ጊዜ ለቆረጣ ይደርሳል። ልጁም ለትዳር የሚደርሰው ያን ጊዜ ነው። ዛፉ ይሸጥና ሠርግ ይሆናል፣ ወይም ሳይሸጥ የሙሽሮቹ ቤት ጣሪያ ይሆናል። በኢጣሊያና በፈረንሳይ ገጠሮችም ሴት ልጅ ስትወለድ ለጥሎሿ እንዲሆን ይተክሉ እንደነበር ይነገራል። ባንክ በሌለበት ዘመን ይህ ቁጠባ ነው፤ ሌባ በኪሱ የማይዘው፣ አባትየው በቸገረው ቁጥር ከላዩ ቆንጥሮ የማያወጣው ቁጠባ።

አተካከሉን በማግስቱ ጠዋት ማሳው ድረስ ወስደው አሳዩኝ። ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ በተኛበት በብርዱ ወራት፣ እንቡጡ ከመፈንዳቱ በፊት፣ የዓመት ዕድሜ ያለው ቀጥ ያለ ቀንበጥ ይቆረጣል። ለችግኝ ጣቢያ ከሆነ አንድ ስንዝር የምትሆን፣ የጣት ውፍረት ያላት ቁራጭ ትበቃለች። አንድ ወይም ሁለት እንቡጥ ከላይ ትታችሁ ሌላውን መቅበር ነው። ሰውየው ግን ጅረት ዳር ስለሆኑ የአያቶቻቸውን መንገድ ይመርጣሉ። ከሰው የሚበልጥ ረጅም ዘንግ ይቆርጣሉ፣ በብረት ዘንግ እርጥቡ አፈር እስኪገኝ ጠልቆ ይበሳል፣ ዘንጉ ይሰካል፣ ዙሪያው በእግር ይረገጣል። «ተገልብጦ ካልተሰካ በቀር እምቢ አይልም» አሉ። በመካከላቸው የሚተውት ቦታ አንድ ሁለት እርምጃ ብቻ ነው። ሆን ብለው ነው፤ ዛፎቹ ሲጣበቡ ለብርሃን እየተሻሙ ቀጥና ቀጭን ሆነው ይወጣሉ፣ የጣሪያ እንጨት የሚፈለገውም እንዲያ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዓመታት ከብትና ፍየል ማራቅ፣ በሙቀቱ ወራት ቦዩን መክፈት፤ ሌላ ድካም የለውም።

ይህን የሰማ ኢትዮጵያዊ ባሕር ዛፍን ሳያስብ አይቀርም። እኔም ነገርኳቸው። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ከሩቅ አገር የመጣ ዛፍ እንዳለን፤ ማገዶው፣ ማገሩ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያው፣ የሠርግ ድግሱ ከእሱ እንደሚወጣ። ሰውየው በጥሞና ሰሙና «በስንት ዓመቱ ይቆረጣል?» አሉ። ለአጣና በአምስትም በሰባትም ዓመት እንደሚቆረጥ፣ ከጉቶው ደግሞ እንደሚያቆጠቁጥ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱስ ከልጅ ጋር አያድግም» አሉ። ልክ ናቸው። ባሕር ዛፍ እንደ ደመወዝ ነው፤ በየጊዜው ይመጣል። የእሳቸው ካቫክ ግን በአንድ ልጅ ስም የተቀመጠ ነው። ከጉቶው ማቆጥቆጡን ካቫክም ይችልበታል፤ ሰዎቹ ግን አዲስ ዘንግ መሰካት ይመርጣሉ። በአንድ ነገር ሁለቱ ዛፎች ይመሳሰላሉ፤ ውሃ ይወዳሉ። ካቫክ የሚያዋጣው ጅረት ወይም መስኖ ባለበት ብቻ ነው፤ ደረቅ ኮረብታ ላይ የሰካው ሰው ቁራጩን ነው የሚያባክነው።

ማሳው ጥግ ጉቶ ብቻ የቀረበት ቦታ ነበር። «የማን ናቸው?» ስል የልጄ ጓደኛ እጇን አወጣች። «የኔ ናቸው። ሴት ብሆንም አያቴ ተከለልኝ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ተሸጠው የመጀመሪያው ዓመት የዶርም፣ የመጽሐፍና የላፕቶፕ ሆኑ።» አያትየው ጣልቃ ገቡ። «ባል ስታመጣ ጣሪያ የለሽም እላታለሁ» አሉ። ልጅቷ ወዲያው «እኔም ባልየው ጣሪያ ይዞ ይምጣ እላለሁ» አለች። ሁሉም ሳቁ። ዛፉ ሄዶ ትምህርት መሆኑ ማንንም ያስከፋ አይመስልም።

ክርክሩ የተነሣው ከጉቶዎቹ ማዶ ባሉት ቋሚዎች ላይ ነው። እነዚያን የተከሏቸው የመጨረሻ ወንድ ልጃቸው ሲወለድ ነው። ልጁ 26 ዓመቱ ነው፤ ከአራት ዓመት በፊት ጀርመን ሄዷል። ቱርክና ምዕራብ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1961 የሠራተኛ ስምምነት ከተፈራረሙ ወዲህ ከዚያ መንደር ወደ ጀርመን የሚሄድ ሰው ተቋርጦ አያውቅም፤ ልጁም የሄደው ቀድሞ ወደሄደ አጎቱ ነው። ገና አላገባም። ስልክ ሲደውል «ዛፎቼን እንዳትነኩ፣ ስመጣ እኔው እቆርጣቸዋለሁ» ይላል። ሁለት ጊዜ ሊመጣ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ቀረ።

ካቫክ ደግሞ አይጠብቅም። በፍጥነት የሚያድግ ዛፍ በፍጥነት ያረጃል። ወይራና ጥድ መቶ ዓመት ቆመው እየጠነከሩ ይሄዳሉ፤ ይህ ግን ጊዜው ካለፈ ከውስጥ ይበሰብሳል፣ ጫፉ ይደርቃል፣ ነፋስ ይገነድሰዋል። ሰውየው እያንዳንዱን ግንድ በመጥረቢያ ጀርባ እየመቱ ድምፁን አሰሙኝ። አብዛኛው ድፍን ነው። ሁለቱ እንደ ከበሮ ጮኹ። አንዱ ላይ ግንደ ቆርቁር ቀዳዳ ሠርቶበታል። የእንጨት ነጋዴው ባዶውን ግንድ አይወስድም፤ የሚወስደውም ቢሆን እንደ ድሮው ለጣሪያ አይደለም። ጣሪያ አሁን ብረትና ሲሚንቶ ሆኗል። ካቫክ የሚሄደው ለፍራፍሬ ሣጥን፣ ለኮምፔንሳቶ፣ ለወረቀት ነው። እንጨቱ ቀላልና ለስላሳ ነው፣ ሽታ የለውም፣ አይሰነጠቅም። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ሞና ሊዛን የሳለው በዚህ ዘመድ፣ በፖፕላር ሳንቃ ላይ ነው።

እናትየው የሚሉት ሌላ ነው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ሻይ ሲቀዱ ቆይተው ነው የተናገሩት። ልጄ እየተረጎመችልኝ ነበር፤ አረፍተ ነገሩ ላይ ስትደርስ ትንሽ ቆመች። «ዛፉ ካለ ልቆርጥ እመጣለሁ ይላል። ከተቆረጠ ምን ብሎ ይመጣል?» ሰውየው አልመለሱም። ልጆቻቸውን ዱባይ፣ ቤይሩት ወይም ዋሽንግተን የላኩ የዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች ይህን ጥያቄ በሌላ መልክ ያውቁታል። አንዱ ቤት ያልተነካ መኝታ ክፍል ነው፣ አንዱ ቤት «ስትመጣ ትጨርሰዋለች» የተባለ ግንብ ነው። እኔ ከሁለቱ ማን ልክ እንደሆነ አልፈርድም። ግን የአባትየውን ቃል መርሳት አልቻልኩም፤ «ከበሰበሰ ለሠርጉም አይሆን፣ ለማገዶም አይሆን።»

የካቫክን የመቆረጫ ቀን ለማራዘም ገንዘብ የከፈለ ሰው በታሪክ አለ። ፈረንሳዊው ሰዓሊ ክሎድ ሞኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 ከመኖሪያው ከዢቨርኒ ብዙ በማይርቅ ቦታ፣ በኤፕት ወንዝ ዳር የተሰለፉ ፖፕላሮችን ከጀልባ ላይ ሆኖ ይስል ነበር። ዛፎቹ የሊሜትስ መንደር ንብረት ናቸው፤ ዕድሜያቸው ስለደረሰ መንደሩ በጨረታ ሊሸጣቸው ወሰነ። ሞኔ ከእንጨት ነጋዴው ጋር ተስማማና ሥዕሉ እስኪያልቅ እንዲቆዩ ድርሻ ከፈለ። ከ20 በላይ ሥዕሎች ሠራ። ከዚያ ዛፎቹ ተቆረጡ። ታሪኩን ለልጅቷ ስነግራት «ለአጎቴ ደውዬ እነግረዋለሁ፣ እሱም ድርሻ ይክፈል» አለች።

እዚህ ላይ ስለ ዛፉ ጥቂት ነገር ጣል ላድርግ፤ አሜሪካና አውሮፓ ቤት የገዙ ልጆች ያሏችሁ ታስተላልፉላቸው ይሆናል። ዓምድ መሳዩ ፖፕላር ቦታ አይፈጅም፣ ቶሎ ያድጋል፣ ከጎረቤት ይጋርዳል፤ ስለዚህ አዲስ ቤት የገባ ሰው ይመኘዋል። በረድፍ ከተተከለ ነፋስ ያበርዳል። 20 ሜትር ቁመት ያለው ረድፍ ከኋላው እስከ 200 ሜትር ለሚሆን ርቀት የነፋሱን ጉልበት ይቀንሳል፤ የአሜሪካ ምዕራብ ገበሬዎች በዩታና በአጎራባቾቿ በብዛት የተከሉት ለዚህ ነው። ሥሩ ግን ውሃ ፍለጋ ሩቅ ይሄዳል፤ የፍሳሽ ቱቦ ውስጥ ይገባል፣ የሸክላ አፈር ላይ የቆመ ቤት መሠረትን ያናጋል። ቢያንስ የቁመቱን ያህል ከቤት መራቅ አለበት። ግንዱን የሚያቆስል የፈንገስ በሽታም አለ፤ በዚያ ምክንያት አሜሪካ ውስጥ ብዙዎቹ ገና በ15 እና በ20 ዓመታቸው ከላይ መድረቅ ይጀምራሉ። ለዘለቄታ የሚፈልግ ሰው ከጎኑ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ አብሮ ይትከል፤ ካቫኩ ሲሄድ ሌላው ይደርሳል። በግንቦት እንደ ጥጥ የሚበንነውን ነገር የሚያመጡት እንስቶቹ ናቸው፤ በቱርክ ከተሞችም በየዓመቱ ያማርራሉ። ጥጡ ግን ዘር የሚሸከም ጭረት እንጂ የአበባ ብናኝ አይደለም። በዚያው ወቅት የሚያስነጥሰው ብዙውን ጊዜ የሣር ብናኝ ነው።

ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ምረጡ። ከአዲስ አበባ ኢስታንቡል ቀጥታ በረራ አለ። ከኢስታንቡል አንካራ በፈጣን ባቡር፣ ከአንካራ አክሳራይ በአውቶቡስ፣ ከአክሳራይ ኢህላራ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጠዋትና ማታ ስለሚበርድ ወፍራም ልብስ ያዙ። ሆቴል ብታገኙም መንደር ውስጥ የሚያሳድር ቤት ካለ እሱን ምረጡ። ለሻይ እምቢ አይባልም፤ በቃኝ ለማለት ማንኪያውን በብርጭቆው አፍ ላይ ማጋደም ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስንነሣ ሰውየው ቤት አልነበሩም። ማሳው ውስጥ በቀይ ቀለም ቆርቆሮና በአሮጌ ብሩሽ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲሄዱ አየናቸው። የሚቆረጠው ላይ በደረት ከፍታ አንድ ቀይ መስመር ያደርጋሉ። እናትየው በር ላይ ቆመው ያያሉ። ልጅቷ ሄዳ ከአያቷ ጋር ጥቂት ተነጋገረችና ተመለሰች። ድፍኖቹ በሙሉ ተቀብተዋል፤ ከቤቱ መስኮት ፊት ለፊት፣ ከጅረቱ ዳር ያሉት ዘጠኙ ግን አልተቀቡም። «እናንተ ምን አላችሁ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ምንም አላልንም፤ እሱም ምንም አላለም» አለች። ቆረጣው ካለቀ በኋላ በየካቲት ባዶው ቦታ ላይ አዲስ ዘንግ ሊሰኩ አስበዋል። ለማን እንደሆነ ስትጠይቃቸው «ቦታው ውሃ አለው» ብለዋታል።

ነጋዴው የጭነት መኪናውን ይዞ የሚመጣው ሰኞ ነው። እኛ ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ካይሴሪ ተመለስን፤ ቴይዜ ለመንገድ ቂጣ፣ አይብና አንድ ከረጢት ፖም ሰጡን። ፖሙ የተቀመጠበት ሣጥን ከካቫክ የተሠራ ነበር።